ሞተሩ የተለወጠ መኪና ስለሚያሳየው መንገራገጭና የነዳጅ ችግር፤ የምርመራው ሥርዓት

መግቢያ

የመኪና ሞተር በጐዳና ላይ ሲንገራገጭ፣ ሲያስነጥስ ወይም ሽቅብ ላይ ሲታነቅ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይለወጥለት?» ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚያ ጥያቄ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን ሌላ ጥያቄ፣ ይኸውም «ምን ተለካ?» የሚለውን ለአንባቢ ማስረዳት ነው። ነገሩ ለማንኛውም መኪና የሚሠራ ቢሆንም፣ ይልቁንም ሞተሩ ወጥቶ በምትኩ ሌላ ሞተር ለገባበት የገጠር መኪና በጣም አስፈላጊ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የቶዮታ ላንድ ክሩዘርን፣ 40 ተብሎ የሚጠራውን ዓይነት እንወስዳለን። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ድረስ በጃፓን አገር የተሠራ ሲሆን፣ በአገራችንም በቆላና በደጋ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። ከፋብሪካው ይዟቸው የወጣው የቤንዚን ሞተሮች ስድስት ሲሊንደር ያላቸው ነበሩ፤ በመጀመሪያ 3.9 ሊትር የሆነው ኤፍ፣ ከ1975 ገደማ ጀምሮ ደግሞ 4.2 ሊትር የሆነው 2 ኤፍ ናቸው። ሁለቱም ቤንዚን የሚያገኙት በካርቡራተር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ 3 ኤፍ ኢ የተባለው 4 ሊትር ሞተር ወጣ፤ ይህ ሞተር ካርቡራተርን ትቶ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጄክተር ይዟል። የነኤፍ ቤተ ዘመድ ስለ ሆነ ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ያለ ብዙ ድካም ይገጥማል። ብሎኑ ስለ ገጠመም ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሽቅብ ላይ ሞተሩ የጠፋበት መኪና የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያጣል፤ ሰው የጫነ ከሆነ አደጋው ግልጥ ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ስለ ተነገረ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ ማኖር ከበፊቱ ይበልጥ የሚፈለግ ነገር ሆኗል።

ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ በተለወጠ መኪና ላይ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን አሮጌው መኪናና አዲሱ ሞተር በተጋጠሙበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ በመጽሐፍ የተጻፈው ልክ በባሕር ጠለል ላይ እንዲያገለግል የተወሰነ ስለ ሆነ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ሳይታረም ቢወሰድ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል።

ሀ፤ አሮጌው መኪናና አዲሱ ሞተር ስለሚጋጠሙባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው የነዳጁ መንገድ ነው። ካርቡራተር ላለው ሞተር በጎኑ የተተከለው ፓምፕ ቤንዚኑን ከሳልባትዮው ስቦ በ0.3 ባር ያህል ግፊት ብቻ ያደርሳል፤ ካርቡራተሩ ከዚህ የበለጠ አይፈልግም። ኢንጄክተር ያለው ሞተር ግን ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት፣ ማለት አሥር እጥፍ ያህል ይሻል። ከዚህም በቀር ኤሌክትሪክ ፓምፑ ሞተሩ ቢፈልግም ባይፈልግም ያለማቋረጥ ስለሚገፋ፣ የተረፈው ቤንዚን በሌላ ቱቦ ወደ ሳልባትዮው መመለስ አለበት። የመመለሻው ቱቦ ቀጭን ወይም የተጣመመ ሲሆን ግፊቱ ከልክ ያልፍና ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል።

ሳልባትዮው ራሱም የካርቡራተር ዘመን ዕቃ ነው። በውስጡ ቤንዚኑን በመምጠጫው አፍ ዙሪያ አቁሮ የሚይዝ ክፍል የለውም። ስለዚህ ቤንዚኑ አንሶ መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ወይም ወደ ጎን ሲያዘነብል መምጠጫው ለቅጽበት አየር ይስባል። ካርቡራተር በጽዋው ውስጥ ያጠራቀመው ቤንዚን ስላለው ይህችን ቅጽበት አይሰማትም፤ ኢንጄክተር ግን ወዲያው ይታነቃል። «በሜዳ ደኅና ነው፤ ዳገት ላይ ግን ይሞታል፤ ሳልባትዮው ሲሞላም ይሻለዋል» የሚባለው አቤቱታ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የአየሩ መንገድ ነው። 3 ኤፍ ኢ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው አየሩ ሲያልፍ በምትገፋ አንዲት ክዳን አማካይነት ነው። ኮምፒውተሩ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ይህች ክዳን በነገረችው መሠረት ስለ ሆነ፣ ከመለኪያው በኋላ ሾልኮ የገባ አየር ሁሉ ያልተቆጠረ አየር ነው፤ ላልተቆጠረ አየርም ቤንዚን አይታዘዝለትም። ሞተር በተለወጠበት መኪና ላይ የአየር ማጥሪያው ቦታ ስለሚቀየር በመለኪያውና በሞተሩ መካከል ያለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ብዙ ጊዜ በእጅ የተቀጣጠለ ነው። ሞተሩ በርግጫ ሲንቀጠቀጥ ይህ ቱቦ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሞተሩ ቆሞ ሳለ በዓይን አይታይም።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚያሳስተውም ከሁሉ ይበልጥ እርሱ ነው። በአሮጌው መኪና ላይ ወደ ቦቢና የሚሄደው ሽቦ ኃይል በሚቀንስ ሬዚስተር በኩል ያልፋል፤ ሞተሩ ሲሠራ ቦቢናው ሙሉ 12 ቮልት እንዳይደርሰውና እንዳይቃጠል ነው። ሞተሩን የለወጠው ሰው «ቁልፍ ሲከፈት ኃይል ያለው ሽቦ ይኸውና» ብሎ ኮምፒውተሩን በዚህ ሽቦ ላይ ከቀጠለው፣ ኮምፒውተሩና ኢንጄክተሮቹ የተቀነሰ ኃይል ይደርሳቸዋል። ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን ይንገራገጫል። ሌላው ስሕተት ደግሞ የሬዲዮውን ሽቦ መጠቀም ነው፤ ይህ ሽቦ ሞተሪኖው ሲዞር ለጊዜው ይጠፋል። እንዲህ ያለው መኪና ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ አይነሣም፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ለቅጽበት ይተኩሳል። ይህን ምልክት የሚያውቅ ሰው ፓምፕ አይገዛም።

በኤሌክትሪክ ነገር ማሳው አይዘነጋም። ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ ስለ ተቀመጠ ከሻሲው ጋር በብረት አይነካካም። ከሞተሩ ወደ ሻሲው፣ ከሻሲውም ወደ ባትሪው የሚሄድ ወፍራም ገመድ በንጹሕ ብረት ላይ ካልታሰረ፣ የኮምፒውተሩ መለኪያዎች ሁሉ የተዛባ ወሬ ያመጣሉ።

አራተኛው የማቀዝቀዣው ውኃ ነው። ሞተሩ እንዳይፈላ በማለት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ካርቡራተር ላለው ሞተር ይህ የሚያመጣው ጉዳት ቶሎ አይታይም። ኮምፒውተር ላለው ሞተር ግን ውኃው በሚገባ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ የማለዳ ብርድ ያለ ይመስለውና ቤንዚን ያበዛል። እንደዚሁም በዳሽቦርዱ ላይ ላለው የሙቀት ጌጅ የሚሆነው ሴንሰርና ለኮምፒውተሩ የሚሆነው ሴንሰር ልዩ ልዩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

አምስተኛው የጭስ ማውጫው ነው። በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ከተተከለበት ቦታ በፊት ቱቦው ላይ ቀዳዳ ወይም የማይገጥም ጋስኬት ካለ፣ ከውጭ የተሳበው አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል። ኮምፒውተሩም ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል።

ለ፤ ከፍታ በነዳጅና በአየር ድብልቅ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ

አንድ ክፍል ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል በክብደት 14.7 ክፍል ያህል አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ በዚህ ከተማ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላና ሽምብራም ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚሁ ነው።

በካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚስበው የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአየሩ ልክ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በዳግም ዘሩ ነው። አየሩ ከ100 ወደ 75 ሲወርድ ቤንዚኑ ከ100 ወደ 87 ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ድብልቁን በ15 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛበታል። ውጤቱም ጥቁር ካንዴላ፣ በሚኒሞ የሚርገበገብ ሞተርና የሚባክን ነዳጅ ነው። የዚህ መድኃኒቱ አነስተኛ ቀዳዳ ያለው ጂግለር ማስገባት ነው።

ብዙ ሰው «ኢንጄክተር ካለ ከፍታ አያሳስብም» ይላል። ይህ አባባል ለሁሉም ዓይነት እውነት አይደለም። በክዳን የሚለካው ዓይነት የአየሩን ግፍያ እንጂ ክብደቱን ስለማይለካ፣ እንደ ካርቡራተሩ በዚያው ዳግም ዘር ይሳሳታል። ይህን ስሕተት የሚያርመው ወይ ከፍታን የሚለካ ሌላ ሴንሰር ነው፤ ወይም በጭሱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሞተሩን የለወጠው ሰው «ይህ ለአየር ብክለት ነው፤ ለእኛ አያስፈልግም» ብሎ የኦክስጅን ሴንሰሩን ሽቦ ሳይቀጥል ከተወው፣ መኪናው አራሚውን አጣ ማለት ነው። ብዙ ሺህ ብር የወጣበት ኢንጄክተር እንደ አሮጌው ካርቡራተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ባለቤቱም ኢንጄክተሮቹ እንደ ተበላሹ ይነገረዋል።

ሐ፤ የመጽሐፍን ልክ በአዲስ አበባ ላይ ስለ ማንበብ

በጋራዥ ውስጥ ከሚደረጉት መለካቶች ሦስቱ በከፍታ ምክንያት ይለወጣሉ። እነዚህን ሳያርም የሚያነብ መካኒክ ሳያውቅ ባለቤቱን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

አንደኛው ቫኪዩም ነው፤ ይህም ሞተሩ አየር ሲስብ በመግቢያው ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት ማነስ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ43 እስከ 53 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ያሳያል። በአዲስ አበባ የውጭው አየር ራሱ በ19 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያንስ፣ ያው ሞተር ከ24 እስከ 34 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። መጽሐፉን ብቻ የያዘ ሰው ግን «አየር ያስገባል» ወይም «ቫልቮላው ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል።

ሁለተኛው የሲሊንደሩ የመጭመቅ ኃይል ነው። መጽሐፉ 10 ባር የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ሰባት ተኩል ባር ያህል የሚያሳይ ሞተር እንደ መጽሐፉ ነው ማለት ይቻላል። ጤነኛ ሞተር ፒስቶኑና ቀለበቱ ይለወጥ ተብሎ ሊፈታ የሚችለው በዚህ አሳሳች ቁጥር ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የስድስቱን ሲሊንደሮች መቀራረብ መመልከት ይሻላል፤ አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ በሽታው በእርግጥ እዚያ ነው። ስድስቱም በአንድነት ዝቅ ካሉ ግን ከፍታውን እናስታውስ።

ሦስተኛው የነዳጁ ግፊት ነው፤ ይህ ከሁለቱ በተቃራኒ ወደ ላይ ይሳሳታል። የግፊቱ ተቆጣጣሪ ከሞተሩ መግቢያ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ቫኪዩም ይደርሰዋል፤ ቫኪዩሙ ሲጠነክር የነዳጁን ግፊት ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ቫኪዩሙ ስለሚያንስ በሚኒሞ የሚነበበው የነዳጅ ግፊት ከመጽሐፉ ሩብ ባር ያህል ከፍ ይላል። መጽሐፉ 2.2 ባር ሲል ጌጁ 2.45 ያሳያል፤ ተቆጣጣሪውም ያለ ጥፋቱ ይጣላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀጭኑን ቱቦ ከተቆጣጣሪው ነቅሎ፣ የሞተሩን በኩል በጣት ዘግቶ ማንበብ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው ቁጥር፣ ይኸውም ከ2.6 እስከ 3 ባር ያህል፣ በአዋሽም በእንጦጦም አንድ ነው። ስለዚህ መርማሪው ሊተማመንበት የሚገባው ይህን ቁጥር ነው።

መ፤ የምርመራው ተራ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ባለቤቱ ምን ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ቀጠለው፣ ከየትኛው መኪና እንደ መጣ ሳይደብቅ መናገር አለበት። ጉድለቱ መቼ እንደሚታይም ይጠየቃል። በብርድ ብቻ የሚታይ ከሆነ የሙቀት ሴንሰሩና ቴርሞስታቱ ይጠረጠራሉ። በዳገትና ጭነት ሲበዛ ከሆነ የነዳጁ መጠን ይጠረጠራል። በሚኒሞ ብቻ ሆኖ ሲነዳ የሚጠፋ ከሆነ ሾልኮ የሚገባ አየር ይታሰባል፤ ጥቂት ያልተቆጠረ አየር ትንሽ አየር በሚሳብበት በሚኒሞ ጊዜ ይበልጥ ይጎላልና። ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ የሚሞትና የሳልባትዮው ክዳን ሲከፈት «ፉፉ» የሚል ከሆነ ደግሞ የሳልባትዮው መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ክዳኑን ከመክፈት በቀር ምንም ወጪ የለበትም።

ቀጥሎ «ቼክ ኢንጂን» የተባለው መብራት መቀጠሉ ይታያል። ሞተሩ በተለወጠበት መኪና ላይ ይህ መብራት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ያየውን ጉድለት የሚናገረው በዚህ አምፖል ነው፤ በመመርመሪያው ሶኬት ላይ የተወሰኑት ሁለት ጫፎች ሲገናኙ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ የጉድለቱን ቁጥር ይቆጥራል። አንድ አምፖልና ሁለት ሜትር ሽቦ የሚያወጣው ወጪ ከማንኛውም ዕቃ ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ተራ የኤሌክትሪክ መለካት ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ ሳለ ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት ላይ ማድረግ ይገባል። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ማሳው ደካማ ነው። ቀጥሎ በኮምፒውተሩና በፓምፑ ላይ የሚደርሰው ኃይል ይለካል። በባትሪው ላይ 13.8 ሆኖ በፓምፑ ላይ 11 ብቻ ከተገኘ ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን የሽቦው ነው፤ አዲስ ፓምፕ ቢገዛ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ያው ድካም ይደርስበታል። ፓምፑ በራሱ ሪሌና ከባትሪው በቀጥታ በሚመጣ ወፍራም ሽቦ መሥራት አለበት።

አራተኛው የነዳጁ ግፊትና መጠን ነው። ግፊቱ ከላይ እንደ ተገለጠው ቀጭኑ ቱቦ ተነቅሎ ይነበባል። ግፊት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተዘጋ ፊልትሮ በሚኒሞ ሙሉ ግፊት እያሳየ በዳገት ላይ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ የመመለሻው ቱቦ ወደ መለኪያ ዕቃ ተደርጎ በ30 ሴኮንድ የሚወርደው ቤንዚን ይለካል፤ ለዚህ ሞተር ግማሽ ሊትር ቢሞላ የሚያጠግብ ነው። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ይጠፋና ጌጁ ይታያል። ግፊቱ ወዲያው ዜሮ ከሆነ የፓምፑ መመለሻ ከልካይ፣ ተቆጣጣሪው ወይም አንድ ኢንጄክተር ያፈስሳል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሞተሩ የቀዘቀዘ፣ ቦታው አየር የሚያገኝ፣ የእሳት ማጥፊያም በአጠገብ የተቀመጠ መሆን አለበት። ለካርቡራተር የተሠራ የጎማ ቱቦ 3 ባር ሊሸከም ስለማይችል፣ በማንኛውም ቦታ ከተገኘ ምርመራው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ መለወጥ ይገባዋል።

አምስተኛው የአየሩ ምርመራ ነው። በክዳን መለኪያ ለሚሠራ ሞተር አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለ። ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ይከፈታል። ሞተሩ ቢንገዳገድ ወይም ቢጠፋ መልካም ምልክት ነው፤ ያልተቆጠረ አየር ገብቶ ልዩነቱን አሳይቷልና። ምንም ለውጥ ካላሳየ ግን ቀድሞውኑ በሌላ ቦታ ብዙ አየር እየገባ መሆኑን ያመለክታል። ያን ጊዜ ወፍራሙን ቱቦ በእጅ እያጣመሙ፣ ቀጫጭኑን የቫኪዩም ቱቦዎች አንድ በአንድ በመቆንጠጫ እየያዙ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ መፈለግ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ አየር የሚያስገባውን ቦታ መፈለግ እሳት የሚያስነሣ ልማድ ስለ ሆነ ሊወገድ ይገባል።

ስድስተኛው የሙቀት ሴንሰሩ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ በቴስተር ሲለካ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያህል ማሳየት አለበት። ሽቦው የተቆረጠ ከሆነ ቴስተሩ መጨረሻ የሌለው ኦም ያሳያል፤ ለኮምፒውተሩ ይህ እጅግ ብርቱ ብርድ ማለት ነው።

ሞተሩን ራሱን መጠርጠር የሚገባው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የእያንዳንዱ ኢንጄክተር ሶኬት በተራ ይነቀላል። ሲነቀል የሞተሩ ዙር ካልቀነሰ ያ ሲሊንደር ቀድሞውኑ አይሠራም ነበር። ከዚያ ካንዴላው፣ ገመዱ፣ ቀጥሎም የመጭመቅ ኃይሉ ይለካል። ስድስቱም ካንዴላዎች በጥላሸት ከጠቆሩ ጥፋቱ የሁሉም የሆነ ነገር ነው፤ ማለት ግፊት፣ ሙቀት ሴንሰር ወይም ከፍታ ነው። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ጥፋቱ የዚያው ሲሊንደር ብቻ ነው። ስድስቱም ነጥተው ከተገኙ ቤንዚን ያንሳቸዋል፤ ይህ ከጥቁሩ የከፋ ነው፤ ቫልቮላና ፒስቶን የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነውና።

ሠ፤ ወደ ቆላ ሲወረድ

አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ መኪና ሁልጊዜ አዲስ አበባ ላይ አይቆይም። አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ አላት። ካርቡራተሩ ለደጋው በትክክል የተስተካከለ መኪና እዚያ ሲደርስ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ 7 በመቶ ያህል ቤንዚን ያንሰዋል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወደሚወርደው ወደ ዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ሲደርስ ደግሞ ልዩነቱ 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ጂግለር የሚያሳንስ ሰው መኪናው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አለበት። ለደጋ ያነሰው ጂግለር በቆላ ሙቀትና ጭነት ላይ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

ከሙቀቱ ጋር የነዳጅ መትነን ይመጣል። ከቤንዚን ውስጥ ቀላሉ ክፍል ከ40 ዲግሪ ባነሰም መፍላት ይጀምራል። ፓምፑ በሞተሩ አጠገብ ሆኖ ከሩቅ የሚስብ ከሆነ፣ በመሳቡ ግፊቱን ይበልጥ ስለሚቀንሰው ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት አይችልም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ፓምፕ በሳልባትዮው አጠገብና ከእርሱ ዝቅ ብሎ ይተከላል፤ መግፋት እንጂ መሳብ ሥራው አይደለምና። ሞተሩ በተለወጠበት መኪና የጭስ ማውጫው መንገድ ስለሚቀየር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት የቀድሞው ቱቦ ከአዲሱ ማርሚታ አጠገብ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ቱቦውን አንድ ስንዝር ማራቅና በመካከላቸው ቆርቆሮ መጋረድ ብዙ ችግር ያስወግዳል።

ስለ ነዳጁ ዓይነትም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነበር። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ለዘመኑ ያልተሠራ አሮጌ ጎማንም ያለሰልሳል፤ በሳልባትዮው ግድግዳ ላይ የኖረውን ዝቃጭም ያላቅቃል። በዚያን ጊዜ ያገለገለ አሮጌ ሳልባትዮና ቱቦ ያለው መኪና፣ አዲስ ሞተር ከመግባቱ በፊት ሳልባትዮው ወርዶ መታጠብ፣ ጎማዎቹም ሁሉ መለወጥ ነበረባቸው። ይህ ካልተደረገ ዝገቱ በኢንጄክተሮቹ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ይገኛል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚጠይቀው መሣሪያ የነዳጅ ግፊት ጌጅ፣ የቫኪዩም ጌጅ፣ የመጭመቅ ኃይል መለኪያና አንድ ቴስተር ነው። የአራቱ ዋጋ አንድ ላይ ቢደመር ያለ ምክንያት ከሚፈታ ሞተር ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሞተር የሚለውጡ ባለሙያዎች የቀጠሉትን ሽቦ፣ የተከሉትን ፓምፕና የተዉትን ሴንሰር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለባለቤቱ ቢሰጡ፣ ከዓመታት በኋላ መኪናውን የሚያየው መካኒክ በጨለማ ከመዳበስ ይድናል። እንደዚሁም በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የመጽሐፉ ልክና የከተማው ከፍታ የሚያሳየው ልክ ጎን ለጎን ተጽፎ ቢሰቀል መልካም ነው። መካኒኩ ይህን ሠንጠረዥ አንድ ቀን ለክቶ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ጤንነታቸው የታወቀ ጥቂት ሞተሮችን በዚያው ጋራዥ ውስጥ መለካትና ቁጥሩን መመዝገብ ብቻ ነው የሚፈልገው።